ሆድ ከሚፈጀው ደብተር ይፍጀው

በዚህ ግቢ የምንኖር ተማሪዎች ለሁሉም ነገር ደብተር አለን። ለሒሳቡ አንድ፥ ለኬሚስትሪው አንድ፥ ለታሪኩ አንድ፤ ለላቦራቶሪው ደግሞ ለብቻው። ከመምህሩ አፍ የወጣ ቃል እንዳያመልጠን እየተሽቀዳደምን እንጽፋለን። ከራሳችን ውስጥ ለሚወጣው ነገር ደብተር ያለን ግን ስንቶቻችን ነን? ለእርሱ የተመደበለት ቦታ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ሆድ ይባላል። «ሆድ ይፍጀው» እንልና ወደ ክፍል እንገባለን።

ነገር ግን ሆድ ሁሉን አይፈጀውም። በመጣበት ትምህርት ቤት አንደኛ እየወጣ የኖረው ወጣት እዚህ በመጀመሪያው ፈተና ያላሰበውን ዝቅተኛ ውጤት ይቀበላል። ማታ እናቱ ስትደውልለት «ደኅና ነኝ፤ ምንም አልጐደለብኝም» ይላታል። ታናናሾቿ መመረቋን እንደ መከር የሚጠብቁላት ተማሪ፥ የምታጠናውን ትምህርት ከጠላችው ዓመት እንዳለፈ ለማንም አልተናገረችም። ያልተነገረው ነገር ግን አይጠፋም። በራስ ምታት፥ በእንቅልፍ ማጣት፥ በአንድ ባልዲ ምክንያት ከመኝታ ክፍል ጓደኛ ጋር በመጣላት ተመልሶ ይመጣል። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ብለዋል። ተማሪው የሚደብቀው ከሰው ብቻ ቢሆን ነገሩ ይቀል ነበር፤ የሚያስፈራው ከራሱም መደበቁ ነው።

ይህ ጽሑፍ አንድ ቀላልና ርካሽ ዘዴ ለማስረዳት የቀረበ ነው፤ ይኸውም የሥዕል ማስታወሻ ደብተር ነው። ምን እንደ ሆነ፥ ከየት እንደ መጣ፥ ምን ያህል እንደሚጠቅምና እንዴት እንደሚጀመር በተራ እንመለከታለን። የማይጠቅምበትንም ቦታ አንሸሽግም።

ነገሩ ምንድን ነው?

የሥዕል ማስታወሻ ደብተር ማለት አንድ ሰው በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ለጥቂት ደቂቃ ተቀምጦ፥ የዕለቱን ስሜት በመሥመር፥ በቀለም፥ በተለጠፈ ወረቀትና በጥቂት ቃላት የሚያሰፍርበት ደብተር ነው። ከተለመደው የዕለት ማስታወሻ የሚለየው በቃል ብቻ ስለማይሠራ ነው። ከሠዓሊ የልምምድ ደብተር የሚለየው ደግሞ እጅን ለማሠልጠን ስላልታሰበ ነው። ለኤግዚቢሽን አይቀርብም፤ ማርክም አይሰጠውም።

ቃል አይበቃምን? የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ቃል ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ቃል የእኛ የተማሪዎች የሥራ መሣሪያ ነው። አንድ ገጽ የምታህል ዕውቀት ይዘን በፈተና ላይ አራት ገጽ መጻፍ የለመድን ሰዎች ነን። ብዕር ስናነሣ ማሳመርና ማመካኘት ይቀናናል፤ ይህም ልማድ ስለ ራሳችን በምንጽፍበት ጊዜ አይለቀንም። መሥመር ግን እንደ ቃል አይታዘዝም። የተናደደ እጅ ወረቀቱን እስኪቀድ ድረስ ይጫናል፤ የደከመ እጅ ጥጉ ላይ ትንሽ ነገር ሥሎ ያቆማል። ከዚህም ሌላ ከመካከላችን ብዙዎቹ በእንግሊዝኛ ይማራሉ፥ በአማርኛ ከጓደኛ ጋር ይጫወታሉ፥ ከእናታቸው ጋር ደግሞ በሌላ ቋንቋ ይነጋገራሉ። ከሦስቱ በአንዱም ስም ያልተገኘለት ስሜት ሲመጣ ሥዕል አስተርጓሚ አይፈልግም።

«እኔ ሥዕል አልችልም» የሚለው መልስ ወዲያው እንደሚመጣ የታወቀ ነው። ለማልቀስ ግን ዘፋኝ መሆን አያስፈልግም። እዚህ የሚፈለገው ነገር መቻል ሳይሆን መቀመጥ ነው።

ሥዕልና ፈውስ

ሥዕልን ከፈውስ ጋር ማገናኘት የፈረንጅ ፋሽን የሚመስለው ሰው ቢኖር የአገራችንን የጠልሰም ብራና ያስታውስ። ደብተራው ጠባብ ብራና በታማሚው ቁመት ልክ እየቀጠለ ይሰፋና ጸሎቱን ይጽፍበታል፤ በየመካከሉም ትልልቅ ዓይን ያላቸውን ምስሎችና የተጠላለፉ ሐረጎች ይሥልበታል። ታማሚው ያንን ብራና ይይዛል፥ ያየዋል። እንግዲህ ሥዕል ከጌጥ የበለጠ ሥራ ሊሠራ ይችላል የሚለው አሳብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ነገር ግን በዚያ ሥርዐት የሚሥለው ባለሙያው ነው፤ ታማሚው የሚቀበል ብቻ ነው።

ታማሚው ራሱ ይሣል የሚለው አሳብ በስም ተጠርቶ የታወቀው በሃያኛው መቶ ዓመት ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) አድሪያን ሂል የተባለ እንግሊዛዊ ሠዓሊ በ1938 በሳንባ ነቀርሳ ታሞ በሚድኸርስት ከተማ አጠገብ በሚገኝ የነቀርሳ ሆስፒታል ተኛ። ያን ጊዜ ለነቀርሳ የሚሰጠው ዋናው መድኃኒት ዕረፍት ስለ ነበር ታማሚዎቹ ብዙ ወራት በአልጋ ላይ ያሳልፉ ነበር። ሂል ጊዜውን በመሣል ሲያሳልፍ መንፈሱ እንደ ተጠገነ ተገነዘበ፤ ቀጥሎም ሌሎቹን ታማሚዎች ያስተምር ጀመር። በ1942 ይህን ሥራ «የሥዕል ሕክምና» ብሎ ሰየመው፤ በ1945ም ስለዚሁ ጉዳይ መጽሐፍ አወጣ። ዛሬ የሥዕል ሕክምና በዩኒቨርሲቲ የሚጠና ሙያ ሆኗል።

የማሪዮን ሚልነር ደብተር

ለእኛ ለተማሪዎች ከሁሉ ይልቅ የሚቀርበው ምሳሌ ግን የማሪዮን ሚልነር ታሪክ ነው። ሚልነር በ1900 በለንደን ተወለደች፤ በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥነ ልቡና ተምራ በ1924 በከፍተኛ ማዕርግ ተመረቀች። ትምህርቷንም ሥራዋንም ያገኘች ወጣት ነበረች። ሆኖም ኑሮዋ የራሷ እንዳልሆነ፥ ሌሎች የሚፈልጉትን እየፈለገች እንደምትኖር ታወቃት። ስለዚህ በ1926 አንድ ደብተር አወጣችና «በእውነት የሚያስደስተኝ ምንድን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ለመመርመር የየዕለቱን ነገር ትመዘግብ ጀመር።

ይህ ምርመራ ሰባት ዓመት ያህል ፈጀ። ሲገለጥ የተገኘው ነገር ካሰበችው የተለየ ነበር። ደስታዋ በትልልቁ ስኬት ላይ ሳይሆን ነገርን በምትመለከትበት አኳኋን ላይ የተመሠረተ መሆኑን አየች። ዓይኗ ለጥቅሟ የምትፈልገውን ብቻ እየለቀመ ሲመለከት ዓለም ትጠባለች፤ ምንም ሳትፈልግ ስትመለከት ግን ተራው ነገር ሁሉ ይሰፋል። ይህን ሁሉ በ1934 ጆአና ፊልድ በሚል የብዕር ስም በመጽሐፍ አሳተመች።

ኋላም ወደ ሥዕል ዞረች። መሣል ትወድ ነበር፤ ነገር ግን እንደምትፈልገው አልሆነላትም። ስለዚህ እጇ ወደ ወደደበት እንዲሄድ እየለቀቀች ትሥል ጀመር፤ ከዚያም የወጣውን እየተመለከተች ትጽፍ ነበር። ጸጥ ያለ የበጋ ጠዋት ልትሥል ተቀምጣ በወረቀቱ ላይ የወጣው ግን እሳትና ማዕበል የሆነበት ጊዜ ነበር። ቁጣ እንዳለባት ብትጠየቅ ኖሮ ምናልባት «የለብኝም» ትል ነበር፤ እጇ ግን ተናገረ። በ1950 ያወጣችውም መጽሐፍ ርእሱ ሥዕል መሣል ስላለመቻል ነው። ልብ በሉ፤ ያስተማራት የተሳካላት ሥዕል ሳይሆን እንዳሰበችው ያልሆነችው ሥዕል ነች። ሚልነር ከዚያ በኋላ በሥነ ልቡና ሐኪምነቷ ታውቃ ስትሠራ ኖራ በ1998 ዐረፈች።

ምርምር ምን አሳየ?

የአንድ ሰው ታሪክ ማስረጃ አይሆንም የሚል ተማሪ ትክክል ነው። እንግዲህ በቁጥር የተመረመረውን እንይ።

ጄምስ ፔንቤከርና ሳንድራ ቢል በ1986 ባሳተሙት ጥናት 46 የአሜሪካ የኮሌጅ ተማሪዎችን በአራት ቡድን ከፈሉ። ተማሪዎቹ በተከታታይ 4 ቀን በየቀኑ 15 ደቂቃ ጻፉ። አንደኛው ቡድን ስለ ተራ ነገር፥ ሁለተኛው ስለ ደረሰበት ከባድ ነገር ድርጊቱን ብቻ፥ ሦስተኛው ስሜቱን ብቻ፥ አራተኛው ድርጊቱንና ስሜቱን አንድ ላይ ነው የጻፈው። በአራተኛው ቡድን የነበሩት ጽፈው እንደ ጨረሱ ስሜታቸው ከበፊቱ ከፍቶ ነበር። በሚቀጥሉት ስድስት ወራት ግን ወደ ተማሪዎች ክሊኒክ የሄዱት ከሌሎቹ ባነሰ ቁጥር ነበር። ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛ፥ የመጀመሪያው ምሽት ቢያስከፋን ደብተሩ አልሠራም ማለት አይደለም። ሁለተኛ፥ ጥቅሙ ያለው በማልቀስ ብቻ ወይም በመዘገብ ብቻ ሳይሆን ሁለቱን በማገናኘት ነው።

ስለ ሥዕል ደግሞ በ1916 ሳይሆን በቅርቡ፥ በ2016፥ ጊሪጃ ካይማልና ባልደረቦቿ በፊላዴልፊያ 39 ሰዎች ለ45 ደቂቃ በሸክላ ጭቃ፥ በባለ ቀለም እስክሪብቶና ወረቀት በመለጠፍ የፈለጉትን እንዲሠሩ አደረጉ። ሰው ሲጨነቅ በሰውነቱ ውስጥ የሚበዛው ኮርቲሶል የተባለው ሆርሞን ከሥራው በፊትና በኋላ ከምራቃቸው ተለካ። ከመቶ 75 በሚያህሉት ላይ ቀንሶ ተገኘ፤ ሥዕል የለመደውና ያልለመደውም ብዙ ልዩነት አላሳዩም። እርግጥ ነው፥ የሰዎቹ ቁጥር ትንሽ ነው፤ ለማነጻጸሪያ ሳይሣል የተቀመጠ ቡድንም አልነበረም። ስለ ስሜት መጻፍን የመረመሩ 146 ጥናቶች በ2006 አንድ ላይ ሲመዘኑም ጥቅሙ እውነተኛ ቢሆንም ትንሽ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ ተአምር የሚጠብቅ ሰው ያዝናል። ርካሽ፥ ለሁሉ የሚደርስና ትንሽ የሚያግዝ ነገር የሚፈልግ ሰው ግን አያዝንም።

እንዴት ነው የሚያግዘው? በሆድ ያለ ነገር ጠርዝ የለውም፤ ከሁሉ ነገር ጋር ይቀላቀላል። የአንድ ፈተና ውጤት «እኔ የማልረባ ሰው ነኝ» ወደሚል ይሰፋል። ወረቀት ላይ ሲወርድ ግን አራት ማዕዘን ያለው ገጽ ይወስነዋል፤ ይህን ያህል ነው፥ ከዚህ እስከዚህ ነው ለማለት ይቻላል። ከዚህም በላይ የሣለው ሰው ሥዕሉን ከፊቱ አስቀምጦ እንደ ሌላ ሰው ይመለከተዋል። በሆድ ሳለ ተሸካሚ ነበረ፤ አሁን ተመልካች ሆነ።

እንዴት ይጀመራል?

1ኛ፤ ደብተርና መሣሪያ። መሥመር የሌለው ደብተር ቢገኝ መልካም ነው፤ ካልተገኘ የተለመደው ይበቃል። ውድ ደብተር አይመከርም፤ ውድ ደብተር የገዛ ሰው ገጹን ለማበላሸት ይሳሳል። አንድ እርሳስ፥ አንድ እስክሪብቶ፥ ጥቂት ባለ ቀለም እርሳሶች ካሉ ሥራው ይጀመራል። ቀለም ለመግዛት ያልቻለ፥ የቡና አተላ በውሃ ቢያቀጥን ቡናማ፥ እርድ ቢበጠብጥ ቢጫ፥ ከምድጃ ከሰል ቢያነሣ ጥቁር ያገኛል። የጥንት ጸሐፊዎቻችንም ጥቁር ቀለማቸውን ከጥላሸት ያወጡ ነበር። ላጲስ ብቻ አያስፈልግም፤ የተሰረዘው ነገር ምናልባት የሚፈለገው ነገር ይሆናል።

2ኛ፤ ጊዜ። 15 ደቂቃ ይበቃል። በየቀኑ በአንድ ሰዓት ቢሆን ይሻላል፤ ስልክ ግን ይዘጋ። አንድ ቀን ቢያመልጥ የቀረውን ማካካስ አያስፈልግም፤ ይህ የቤት ሥራ አይደለም።

3ኛ፤ የመጀመሪያው ገጽ። ባዶ ገጽ ያስፈራል። ስለዚህ ሆን ብሎ ማበላሸት ነው። ዓይን ጨፍኖ እርሳሱን ለአንድ ደቂቃ በገጹ ላይ ማንሸራሸር፥ ከዚያም ገልጦ ማየት። ከመሥመሮቹ ጥልፍልፍ መካከል ፊት፥ ተራራ ወይም እንስሳ የሚመስል ነገር ቢገኝ እርሱን አድምቆ ማውጣት ነው።

4ኛ፤ ልምምዶች። የሚሣለው ለጠፋበት ሰው አራት ልምምዶች እነሆ።

ሀ) የዕለቱ ቀለም። በገጹ ጥግ ላይ ትንሽ ካሬ ሥሎ የዕለቱን ስሜት በሚመስል ቀለም መሙላት። ብዙ ሥራ በሚበዛበት ቀን ይህ ብቻ ይበቃል። ከአንድ ወር በኋላ 30 ካሬዎች በተራ ሲታዩ የሚናገሩት ነገር አላቸው። ማክሰኞ ማክሰኞ ለምን ይጠቁራል? ቅዳሜን ያበራት ማን ነው? ይህን ጥያቄ ያለ ካሬዎቹ ማንም አይጠይቀውም ነበር።

ለ) ሰምና ወርቅ። ገጹን በመሥመር ለሁለት ከፍሎ፥ በግራ በኩል ዛሬ ሰዎች ያዩትን እኔን፥ በቀኝ በኩል ከሥር የነበረውን እኔን መሣል። በቅኔ ሰሙ ወርቁን የሚሸፍን ቢሆንም ውሸት አይደለም፤ ሁለቱም የግጥሙ ናቸው። እንዲሁም በካፌ የሳቀው ሰውና በአልጋው ላይ የተጨነቀው ሰው ሁለቱም እውነተኞች ናቸው። የሚያሳስበው በሁለቱ ገጾች መካከል ያለው ርቀት ከቀን ወደ ቀን እየሰፋ ሲሄድ ነው።

ሐ) የግቢው ካርታ። ከመኝታ ክፍል እስከ ቤተ መጻሕፍትና እስከ መማሪያ አዳራሽ ያለውን መንገድ ሥሎ፥ ትከሻ የሚጨመደድበትን ቦታ በአንድ ቀለም፥ ትንፋሽ የሚለቀቅበትን በሌላ ቀለም ማመልከት። አንድ ተማሪ ካርታውን ሲጨርስ አንድን ሕንፃ ላለማየት ሁልጊዜ ዞሮ እንደሚሄድ ሊያገኝ ይችላል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ለምን እንደ ሆነ መጠየቅ ነው።

መ) ቀዶ መለጠፍ። እጅ አልሣልም ባለበት ቀን ያለፈበትን ጋዜጣ ይዞ ዓይን ያረፈበትን ምስልና ቃል ሁሉ መቅደድና በሙጫ መለጠፍ። ምክንያት ሳይፈልጉ መምረጥ ነው፤ ምክንያቱ ከተለጠፈ በኋላ ይመጣል።

5ኛ፤ ከሥዕሉ በታች። ቀኑን መጻፍ አይረሳ። ቀጥሎ ሦስት አጫጭር ዓረፍተ ነገር፤ ምን ሆነ? ምን ተሰማኝ? አሁን ሳየው ምን ይታየኛል? የ1986ቱ ጥናት እንዳሳየው ድርጊትና ስሜት የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው። ሥዕሉ ቆንጆ ነው ወይስ አስቀያሚ የሚለው ጥያቄ ግን ከሦስቱ ውስጥ የለም።

6ኛ፤ ምሥጢር። ብዙ ሆነን በአንድ ክፍል በምናድርበት ሁኔታ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ደብተሩ ቁልፍ ባለው ሎከር ይቀመጥ። የሰው ስም በግልጥ አይጻፍበት፤ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን ምልክት መስጠት ይቻላል። አንድ ገጽ በጣም ቢያስፈራ ቀዶ ማቃጠል የባለቤቱ መብት ነው፤ ወረቀቱ ቢቃጠልም የመሣሉ ሥራ ተሠርቷል። የጓደኛውን ደብተር ሳይፈቀድለት የሚገልጥ ሰው ደግሞ ደብዳቤ ከሚሰርቅ አይሻልም።

ደብተሩ የማይችለው

እዚህ ላይ ግልጥ መሆን ያስፈልጋል። የሥዕል ማስታወሻ ደብተር ሐኪም አይደለም። አንድ ሰው ለሳምንታት እንቅልፍና ምግብ እምቢ ካለው፥ ከክፍል መቅረት ካዘወተረ፥ የሚወደው ነገር ሁሉ ከጠፋበት፥ ይልቁንም ሞትን መመኘት ከጀመረ፥ ገጽ እየገለበጠ ብቻውን መቀመጥ የለበትም። ያን ጊዜውኑ ለሚያምነው ሰው ይንገር፤ ወደ ክሊኒክ ወይም ወደ ተማሪዎች ምክር አገልግሎት ይሂድ። መናገር ቢያቅተው ደብተሩን ከፍቶ አንድ ገጽ ማሳየት ይችላል። ከመኝታ ክፍል ጓደኞቹ አንዱ እንዲህ ሆኖ ያየ ተማሪም «የራሱ ጉዳይ ነው» ብሎ አይለፍ፤ አብሮት ይሂድ።

ሁለተኛ፥ አንዳንድ ሰው ሲሥል አይቀለውም፤ ያንኑ ቍስል እየነካ ያደማዋል። ከአንድ ሳምንት በላይ አንድ ዓይነት ገጽ እየተደጋገመ ሰውየውን የሚያብሰው ከሆነ፥ ደብተሩን ዘግቶ በእግር መንሸራሸርና ከሰው ጋር መጫወት ይበልጣል።

ሦስተኛ፥ የጋራ የሆነውን ችግር የግል በሽታ አናድርገው። ውሃ የጠፋበት ሕንፃ ቢሣል ውሃ አይመጣለትም። ለዚያ ተሰብስቦ መጠየቅ ያስፈልጋል። ነገር ግን ምን እንዳስቈጣው ለይቶ ያወቀ ሰው፥ በባልዲ ምክንያት ከጓደኛው ጋር ከመጣላት ይልቅ ጥያቄውን ወደሚገባው ቦታ ይወስዳል።

እንግዲህ ጓደኞቼ፥ ለአንድ ሴሚስተር ብቻ ሞክሩት። በመጨረሻው ሳምንት፥ ፈተናው ሲያበቃ፥ ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራችሁ በአንድ ተቀምጦ ተመልከቱት። የረሳችሁት ኀዘን ታገኛላችሁ፤ የረሳችሁት ደስታም ታገኛላችሁ። ያን ጊዜ አይለፍም ያላችሁት ነገር ማለፉን በገዛ እጃችሁ ሥዕል ታያላችሁ፤ ያላለፈውንም ለይታችሁ ለማን እንደምትነግሩት ታስባላችሁ። ለመጀመር አዲስ ዓመት ወይም አዲስ ደብተር መጠበቅ አያስፈልግም። ካለፈው ሴሚስተር ደብተር የተረፉት ባዶ ገጾችና ዛሬ ማታ 15 ደቂቃ ይበቃሉ።